የባለመኪናው የቤት ምዝገባ

ጎረቤታችን ያገለገሉ የመኪና ዕቃዎች ነጋዴ ነው። ሰፈሩ ግን «ባለመኪናው» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ እኛ ያጸደቅንለት ንዝንዙ ሲበዛብን ነው።

መኪናውን ከገዛው አሥራ አምስት ዓመት ሆነው። ያኔም ተጎትቶ ነው የመጣው፤ አድሶ ሊነዳው ነበር። አንድ ደንበኛ ፍሬን ሲቸግረው ከሱ ፈታለት። ለሌላው በር፣ ለሌላው ሞተር፣ ለሌላው ጎማ እያለ መኪናውን በቁሙ ቸርችሮ ጨረሰው። ዛሬ በር ላይ በአራት ድንጋይ የተቀመጠ ቆርቆሮ ነው። ሊብሬው ግን ከደረት ኪሱ አይለይም፤ ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ዳሰስ ያደርገዋል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈራችን ጋራዥ፣ ነዳጅ ማደያ፣ እንደገና ጋራዥ ነው፤ የእግረኛ መንገድ የሚባል አልተፈጠረለትም። ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊታችን ሆኖ ሳለ፣ ለመድረስ ስምንት መስመር አስፋልት በነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ መሻገር ነው። እሷ የሰፋችውን ተሸክማ በቀን አራት ጊዜ ትሻገራለች። እሱ በሩ ላይ ተቀምጦ እግረኛ አደብ እንደሌለው ያብራራል። እኔ ብሆን ድሮ ጥዬው ሄጄ ነበር።

ዘንድሮ ሰፈሩ ሊለወጥ ነው ተባለ። ጋራዦቹ ይነሳሉ፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ፣ መሐሉ ዛፍና የእግር መንገድ ይሆናል። ስብሰባ ጠርተው ሥዕሉን አሳዩን። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቀጭን ነው፤ ዕቃ የተሸከመ አንድም የለም። ቢሆንም ለነባር ነዋሪ በዝቅተኛ ኪራይ ቤት ይሰጣል ሲሉ አጨበጨብን። መኪና ማቆሚያ ስለማይኖር ባለመኪና አይመዘገብም ሲሉ ደግሞ ሁላችንም ዞረን እሱን አየነው።

መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ሊብሬውንና ታርጋውን መመለስ። እስከ ዓርብ ካልመለሰ አዲሱ ቤት ይቀርባቸዋል፣ ያሉበትም ይፈርሳል። ሚስቱ ለመነችው፣ እኛም ለመንነው። እሱ በዚህ ዕድሜዬ እግረኛ አልባልም ብሎ ድርቅ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ሚስቱ ቤት የምትመዘግበውን ልጅ ይዛ መጣች። ልጅቱ መኪናውን ዞረችው፤ ኮፈኑን ስትከፍት እንቁላል የታቀፈች ዶሮ አፈጠጠችባት። በቃ፣ ተገላገልን ብለን ተነፈስን። ባለመኪናው ግን አላስችል አለው።

«ይሄ እኮ ትንሽ ጥገና ነው የሚፈልገው» አላት።

ልጅቱ እስክሪብቶዋን ከደነች። ያኔ ሚስቱ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ልጄ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ መኪና ላይ አንድ ቀን አላሳፈረኝም። ሲያገባኝም በእግሬ ነው የመጣሁት። እሱ መኪና ካለው ይኑረው፤ ቤቱን በእኔ ስም ጻፊው።»

ልጅቱ ዶሮዋን አየች፣ የሴትየዋን ጫማ አየች፣ ከዚያ ጻፈች። ተሽከርካሪ፦ የለም። የቤተሰብ ኃላፊ፦ ሚስት። ጥገኛ፦ አንድ፣ ባል።

ባለመኪናው ቅጹን ሁለቴ አነበበው። ከስሙ አጠገብ «ባለመኪና» ተብሎ ይጻፍልኝ ብሎ ጠየቀ።

«ቦታ የለውም፣ አባባ» አለችው።

ጠረጴዛ ስላልነበረ ኮፈኑን በቀስታ ከደነ፤ ቅጹን እላዩ ላይ ዘርግቶ «ጥገኛ» ከሚለው ፊት ለፊት ፈረመ። ከዚያ ሊብሬውን ከኪሱ አውጥቶ ያዘ። አምጣ ብሎ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።