የዘይነባ ማበጠሪያ

በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ኤግዚቢሽን ዕለት ጠዋት፣ አምሮብኝ ልታይ ብዬ ከእናቴ የቅቤ ቅል ለጋውን ዝቄ ራሴን ለቀለቅሁት። ልጅ እያለሁ ከሠራኋቸው ጅልነቶች ይህን የሚያህል የለም፤ ከሸመገልኩ ወዲህ የሠራኋቸውን ሳንቆጥር። ሙከራዬ የላስቲክ ማበጠሪያ ደረቅ ፀጉር ላይ አሽቶ፣ ብጥስጣሽ ወረቀት ሳይነኩ ማስነሳት ነበር። «ደረቅ ፀጉር» የምትለዋን ቃል መምህራችን ሲደጋግሟት ነው የከረሙት። እኔ ግን ያኔም እንደ ዛሬው የሚበጀኝን የምሰማው ካለፈ በኋላ ነው።

ነገሩ ለእኔ ጨዋታ አልነበረም። አባቴ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረኝን በዓይኑ ሊያይ፣ ካልጣመው ከደብተር አላቅቆ እርሻ ሊያውለኝ ምሎ ነበር ከገጠር ሞላሌ ከተማ ድረስ የመጣው። እናቴ የፈተለችውን የበግ ጠጉር ባና ደርቦ፣ ዱላውን ተደግፎ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመ።

ማበጠሪያዬን ራሴ ላይ አሸሁ፣ አሸሁ። ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም። ቢጨንቀኝ ዝቅ ባደርገው አንዷ ብጣሽ ተለጠፈች፤ በኩራት ወደ ላይ አነሳኋት። አባቴ ጎንበስ ብሎ አሸተተና፣ «ይቺንማ የያዛት ቅቤው ነው» አለ። «ቅቤ ከሆነ ትምህርቱ፣ ከቤትም አለ።» ሰው በሳቅ አውካካ። መምህሩ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። እኔ ሞፈርና ቀንበሩ ታየኝ።

ከጎኔ ተራዋን ትጠብቅ የነበረችው የክፍሌ ልጅ ዘይነባ ናት፤ አባቷ ገበያው ላይ ሸቀጥ ይነግዱ ነበር። ከደብተሯ መሀል አዲስ ቀይ ማበጠሪያ መዘዘችና በጆሮዬ፣ «ያንተ ራስ ለወጥ እንጂ ለሳይንስ አይሆንም» አለችኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ፣ «አባባ፣ ባናዎን አንዴ ይፍቀዱልኝ» ብላ ማበጠሪያዋን ባናው ላይ ደጋግማ አሸችው። ራሷ ማሳየት ስትችል ለእኔ አቀበለችኝ። ወረቀቶቹ እንደ ፌንጣ ዘለሉ።

አባቴ ባናውን ገለጥ አድርጎ አየ፣ ማበጠሪያውን ከእጄ ወስዶ ራሱ አሸው፤ ዘለሉ። ደገመው፤ ዘለሉ። «ይህ ሁሉ ጉድ ከትከሻዬ ላይ ነበር?» አለና ለመምህሩ አንዲት ቃል ተናገረ፦ «ይማር።» ከዚያም ማበጠሪያውን መቀነቱ ውስጥ ሻጥ አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔም ዘይነባም አፋችንን ከፍተን ቀረን እንጂ «ማበጠሪያዋን ይመልሱ» የሚል ማን ደፍሮ። ማበጠሪያዋን ይዞ በየማኅበሩና በየደቦው ሙከራውን ሲያሳይ ኖረ።

ዛሬ ልጆች ሙከራውን ከስልክ አይተው ነው የሚሠሩት። በቀደም የልጅ ልጄ ፊኛ ነፍቶ ራሴ ላይ ቢያሸው ቢያሸው እምቢ አለው፤ «አባባ፣ ያንተ ራስ አይሠራም» ብሎኝ ወደ ሹራቡ ዞረ። ቅቤ እንኳ አልተቀባሁም፤ የቀረ ፀጉርም የለ።

ማበጠሪያዋ አባቴ ካረፈ በኋላ ከሣጥኑ ተገኘች፣ ጥርሷ እንደ እኔው ረግፎ። ዘይነባ ሞላሌ ሱቅ አላት፤ ባለፍኩ ቁጥር በሩ ላይ ሆና፣ «አንተ ቅቤ፣ ማበጠሪያዬስ?» ትለኛለች። አንድ ጊዜ አዲስ ገዝቼ ብሰጣት፣ «የኔዋን ነው ያልኩህ» ብላ መለሰችልኝ። የሷዋ ይኸው ኪሴ ውስጥ ናት። ከመለስኩላት ግን ሳልፍ ማን ይጠራኛል?