ወፍ የሸሸው ማማ

ባለፈው ሳምንት ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፍሬ ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ያካፈለችኝን የባቄላ እሸት እየፈለፈልኩ በመስኮት አያለሁ። ገብሱ አሽቷል። ከማሳው መሐል አንድ ማማ ቆሟል፤ ያው በአራት ረጃጅም እግር የሚቆመው፣ ሰው ወጥቶበት በወንጭፍ ወፍ የሚያባርርበት። ሳላስበው ብቻዬን ሳቅሁ። ሴትዮዋ ምን አይተው ነው አለችኝ። ታሪኩ ረጅም ነው ብዬ ተውኩት፤ ያልነገርኳት ይህንን ነው።

የግንባታ ትምህርቴን የጨረስኩ ሰሞን ነበር። ከመካነ ኢየሱስ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ አንድ ረግረግ አለ፤ ክረምቱ ሲወጣ ዝይና ዳክዬ፣ አንዳንዴም ሽመላ ይሰፍርበታል። እዚያ ከእንጨት የወፍ መመልከቻ እንድነድፍ ተመደብኩ፤ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ወፍ ለማየት እንግዳ ይመጣል፣ የመንደሩ ሰው መሪ ይሆናል ተባለ። ገበሬዎቹም ለዚህ ብለው የረግረጉን አንድ ጥግ ከከብት ከለከሉ። በበጋ ለምለም ሣር የሚገኘው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነገሩ ለእነሱ ቀላል አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ግትር ነበርኩ። ሲሚንቶ አይገባም፣ ሚስማር አይመታም አልኩ። እንጨቱ የመንደሩ ባሕር ዛፍ ይሁን፣ መሬት የሚገባው ጫፉ ምስጥ እንዳይበላው በእሳት ይለብለብ፣ መጋጠሚያው በወይራ ችካል ይያዝ፤ አንድ ቀን ቢነሣ ረግረጉ ላይ ምንም ምልክት አይቅር። አናጺው አያ ደምሌ የስማዳ ቆላ ሰው ናቸው፤ ሚስማር የሌለው ቤት ስላቸው ለመዶሻቸው አዘኑለት። ሥዕሉን ዘርግቼ አሳየኋቸው። ከፍ ያለ፣ በአራቱም በኩል ክፍት፣ ሩቅ የሚያሳይ። ለረጅም ጊዜ አዩትና፣

«ማንን ልታባርሪ ነው?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ምሳራቸውን አነሡ።

ጥቅምት ሲጋመስ አለቀ። አምሮ ነበር፤ ዛሬም አልክድም። በማግስቱ ጠዋት ወጥቼ ቁጭ አልኩ። ውኃው ላይ አንዲት ዳክዬ የለችም። የሥራው ጫጫታ ነው ያራቃቸው፣ ይመለሳሉ አልኩ። በሶዬን ይዤ ሳምንት ሙሉ ብመላለስ ያየሁት ጭጋግና ቄጠማ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወይዘሮ አንጓች መጡ። ላማቸው የምትግጠው እኔ ባስከለከልኩት ጥግ ነበር። ከማማው ሥር ቆመው ሽቅብ እያዩ፣ «ሣሩን ከለከልሽን፤ ወፉንም አባረርሽው። በአባቴ ዘመን እንኳ በጥቅምት ዝይ አጥተን አናውቅም» አሉኝ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። መንደሩም ተሰብስቦ እስከ ኅዳር ጽዮን ወፉ ካልተመለሰ ማማው ይነቀል፣ እንጨቱ ለቤተ ክርስቲያን አጥር ይዋል፣ ጥጉም ለከብት ይከፈት ብሎ ወሰነ። ሥራዬን ማጣቱ ያሳፍር ነበር። የከበደኝ ግን ሌላ ነው፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሲመላለሱ የኖሩ ወፎች በእኔ ሥዕል ምክንያት መቅረታቸው እንቅልፍ ነሣኝ።

አያ ደምሌ ዘንድ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ምሳር ሲስሉ አገኘኋቸውና ያን ቀን ምን ማለታቸው እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«እኔ ያደግሁት የማሽላ ማማ ላይ ነው» አሉ ቆሎ እየዘገኑልኝ። «ወፍ በሬ ትለምዳለች፣ የሚያልፍ ሰው ትለምዳለች። ማማን ግን አትለምድም፤ ድንጋዩ የሚመጣባት ከዚያ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«የተማረ ሰው ሥራ ነው ብየ። ደግሞስ ጠይቄሽ ነበር፤ ሳቅሽ።»

በማግስቱ ችካሎቹን እያወጣን ማፍረስ ጀመርን። ሁለት ቀን ፈጀብን፤ አንድም ቋሚ አልተሰነጠቀም። ግትርነቴ በሕይወቴ አንዴ የጠቀመኝ ያኔ ይመስለኛል። ሚስማር ቢሆን ኖሮ ለማገዶ ነበር አሉ አያ ደምሌ፣ መዶሻቸውን የረሱ ይመስል። እግሮቹን አሳጥረን፣ ወለሉን ከውኃው ትንሽ ብቻ ከፍ አድርገን፣ ጣሪያውን በሣር ከድነን ቄጠማው ውስጥ ሸሸግነው። ተቀምጦ ለሚያይ ሰው በዓይን ልክ ጠባብ ክፍተት ተውን፤ መግቢያውንም ወፉ እንዳያየን በሸምበቆ አጥር ጋረድነው።

ለጽዮን አራት ቀን ሲቀረው ጠዋት እኔና አያ ደምሌ፣ ለምኜ ያመጣኋቸው ወይዘሮ አንጓችም፣ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። መጀመሪያ የክንፍ ድምፅ ሰማን። ሁለት ዝይዎች ውኃው ላይ አረፉ፤ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ወይዘሮ አንጓች ጉልበቴን ጨብጠው አልለቅም አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከወፎቹ ጋር ኖረው እንዲህ ከቅርብ አይተዋቸው አያውቁም።

«ኩል ተኩላለች እኮ» አሉ በሹክሹክታ፤ የዝይዋን ዓይን ዙሪያ አይተው ነው። እንባዬ መጣ። ጮክ ብዬ እፎይ እንዳልል አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

አያ ደምሌ ካረፉ ቆዩ። ባለፈው ሳምንት የሄድኩት መመልከቻውን ለማየት ነበር። በረግረጉ ዳር አንዴ አለፍኩ፣ ተመልሼም አለፍኩ፤ የለም። ፈርሷል ብዬ ደነገጥኩ። ወጣት ሳለሁ ሥራዬ ከሩቅ እንዲታይ እመኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ በገዛ እጄ የሠራሁትን አጥቼ ሣሩ መሐል ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። ያኔ ከአጠገቤ፣ ከቄጠማው ውስጥ፣ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ተናገረች፤ ዛሬ እንግዳ የምትመራው የወይዘሮ አንጓች ልጅ ናት።

«ዝቅ ይበሉ እንጂ፣ ያባርሯቸዋል።»

ዝቅ አልኩ።