«የተቀበረ ነው» ያለችው ልጅ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሶዶ አንድ ሆቴል ውስጥ የባህል ምግብ ቀን ተብሎ ነበር። የእህቴ ልጅ ጎትታ ወሰደችኝ። በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ምግቡ ተደርድሯል፤ በየምግቡ ፊት ስሙ የተጻፈበት ካርድ ቆሟል። የወላይታን የባህል ልብስ፣ ዱንጉዛ የለበሰች፣ ሽበቷን በቀለም የሸፈነች ሴት ማይክራፎን ይዛ ወጣቶቹን ትገሥጻለች።

«በቆጮ የሚያፍር በእናቱ ያፍራል!» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም።

ስሟን አልጽፍም። ካነበበችው ራሷን ታውቃለች፤ ሌላው ሰው ማወቅ አያስፈልገውም።

በወጣትነታችን ሁለታችንም ደብረ ብርሃን የመምህራን ማሰልጠኛ ደርሶን ነበር። እኔ የሶዶ ልጅ ነኝ፤ እሷ የቦዲቲ። በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረን እስከ ሻሸመኔ በወላይትኛ ስናወራ ሄድን። አዲስ አበባ አድረን በማግስቱ ወደ ሰሜን ስንጓዝ ግን በወላይትኛ ስጠይቃት በአማርኛ ትመልስልኝ ጀመር። መኝታ ክፍል ገብተን ልጆቹ አገሯን ሲጠይቋት «አዲስ አበባ» አለችና በክርኗ ጎኔን ነካ አደረገችኝ። ዝም አልኩላት። መጀመሪያ የዋልኩላት ውለታ ይህ ነው።

የደብረ ብርሃን ብርድ እንግዳ አያውቅም። ኅዳር ላይ ጠዋት ስንነሳ ሳሩ በውርጭ ነጥቶ እናገኘዋለን፤ የእጄ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ጠመኔ መያዝ ያቅተኝ ነበር። የማሰልጠኛው ምግብ ሽሮ ነው። ሽሮ አልጠላም፤ ግን ወር ከወር በሽሮ ብቻ የከረመ ሆድ አገሩን መጠየቁ አይቀርም።

አንድ ቅዳሜ ሳሙና ልገዛ ከገበያው በታች ካለች ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ ቀና ሳትል «ምን ልስጥህ?» አለችኝ። ቀሚስ ለብሼ፣ ሹሩባ ተሠርቼ፣ «ልስጥህ»! የማሰልጠኛው ልጆች በዚህ አነጋገሯ ይስቁባት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። እኔ ግን ባለሁበት ቀረሁ። እናቴም አማርኛ ስትናገር ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የምትለው።

«ሳሮ» አልኳት፣ በእኛ ሰላምታ።

ብድግ አለች። «ሳሮ! ሳሮ! የማን ልጅ ነህ? ና፣ ግባ!»

የበዴሳ ሴት ነበረች። ወታደር ባሏን ተከትላ መጥታ፣ እሱ ሲሞትባት ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር እዚያው ቀረች። የሱቁን መጋረጃ ስትገልጠው ከጀርባ አንድ አግዳሚ ወንበርና የከሰል ምድጃ አለ። ቆጮውን ከሶዶ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ያመጣላታል። ዳታውን፣ ያንን የእኛን የቃሪያ ድቁስ፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ራሷ በድንጋይ ትፈጨዋለች። ቤቷን የሚያስተዳድረው ሳሙናው ሳይሆን ይህ ነበር፤ ሾፌሮችና ወታደሮች እየመጡ ይበሉባታል።

ትኩሱን ቆጮ ከአይብ ጋር አቀረበችልኝ። ገና ስጎርስ እንባዬ መጣ።

«ቃሪያው ነው» አልኳት።

«አዎ፣ ቃሪያው ነው» አለችኝ። ጨዋ ሴት ነበረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴን እንደምጠራት «አዬ» እላት ጀመር።

የቦዲቲዋን ልጅ ብዙ ጊዜ «ነይ፣ እንሂድ» ብያታለሁ። እንቢ አለች። በኋላ የክፍላችን ልጆች «ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትጠፊው?» ብለው ሲከተሉኝ ብቻዋን መቅረት ከብዷት አብራ መጣች። አምስት ሆነን ተጠጋግተን ተቀመጥን። ከመካከላችን አንዷ፣ አፏ የማያርፍ ረጅም ልጅ፣ ዳታውን አይታ «ይቺ ደግሞ አረንጓዴ ወጥ ናት?» አለችና በቆጮ ዛቅ አደረገችው። ዳታ ነካ ተደርጎ ነው የሚቀመሰው። ወደ አፏ ስታስጠጋው የቦዲቲዋ ልጅ «አጋ!» ብላ ጮኸች።

አጋ በወላይትኛ ተዪ ማለት ነው። ሁላችንም ዞረን አየናት።

አዬ እጇን አጨበጨበች። «ይህም የኛ ነው! ዝም ብለህ ተቀምጠህ እኔ ደግሞ የሰው አገር ልጅ ነው እላለሁ! የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«አዲስ አበባም እንዲህ ይባላል እንዴ?» አለች ረጅሟ፣ እየሳቀች፤ ዳታውን አራግፋ ቆጮውን ጎረሰች።

የቦዲቲዋ ልጅ ፊቷ ተለዋወጠ። «ከዚህች ጋር ስኖር ለምዶብኝ ነው» አለች፣ በአገጯ እኔን እያሳየች። በዚያ ብታቆም ምናለ። «ይልቅ የምትበሉትን ታውቁታላችሁ? የተቀበረ ነው! ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩትና ሲበሰብስ ያወጡታል።»

ውሸት ነው ማለት አልችልም። ቆጮ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቆያል። ሊጥም ይቦካል፣ ጠላም ይፈላል፤ ማንም በሰበሰ አይለውም። ቃሉን መርጣ ነው ያወጣችው። ረጅሟ ልጅ የጎረሰችውን ተፋችው። አዬ ወደ እኔ አየች፤ አማርኛዬ ከእሷ ይሻላልና እንድመልስላት ፈልጋ ነው። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን አልክድም፤ ከዚያ ቃል ጋር እኩል የሚመዝንብኝ ካለ ግን አልስማማም።

ወሬው ማሰልጠኛውን አዳርሶ ገበያ ወረደ። «የተቀበረ የምታበላዋ ሴትዮ» አሏት። ሳሙና የሚገዟትም ቀሩ። የቤቱ ባለቤት «የተቀበረ ነገር በቤቴ አይበላም» ብላ ልቀቂ አለቻት። ከፋሲካ በኋላ ስሄድ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት አገኘሁ። ልጆቿን ይዛ የት እንደገባች የጭነት መኪናው ሾፌር እንኳ አላወቀም።

ወደ መኝታ ክፍል ተመልሼ የቦዲቲዋን ልጅ «ሱቁ ተዘጋ» አልኳት።

«የትኛው ሱቅ?» አለችኝ፣ መስታወት እያየች።

ከዚያ ወዲህ፣ ንዴቱ ሲበረታብኝ፣ ለራሴ የምነግረው ነገር ነበረኝ። አባቷ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ቤታቸው ቆጮ አይሠራም ይሆናል፤ የማታውቀውን ነገር በልጅነት ቀባጠረች እል ነበር። እንዲህ ስል ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

የሆቴሉ ጭብጨባ ሲያበቃ አየችኝና መጥታ አቀፈችኝ። «እህቴዋ! ቅመሺልኝ፣ በገዛ እጄ ነው የሠራሁት። እናቴ ከእንሰቱ ሥር አስቀምጣ ያስተማረችኝ ሙያ እኮ ነው!»

እንከን ልፈልግበት ቀመስኩት። አላገኘሁም። እንዲህ ያለ እጅ በጡረታ ዘመን አይለመድም። ያን ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ምን እንደምትል፣ ስለምን እንደምትል ጠንቅቃ ታውቅ ነበር።

ሳህኑን መለስኩላት። ከእንግዲህ ለራሴ የምነግረው የለኝም።