አሥራ ሁለተኛዋ ኩዊ

ውሻው መታወቂያ አለው። ይኼን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ባሮን ይባላል፤ የዳይሬክተራችን የዶክተር ኦርዶኞ ቢጫ ውሻ ነው። የሕፃናቱ ክፍል የሚገባው ፎቶግራፍ የተለጠፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት፣ «የሕክምና ረዳት» የሚል መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው። እማማ ኤውዶሲያ ግን አያኩቾ ከተማ በሚገኘው በዚሁ ሆስፒታላችን የሕፃናቱን አንሶላ ሲያጥቡ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ባል ቀበሩ፣ ሁለት ልጆች ዳሩ፣ በረኪና የእጃቸውን ቆዳ ላጠው፤ የርሳቸው መታወቂያ ግን ዛሬም «በሂደት ላይ ነው» ይባላል።

እኔ ፎርቱናቶ እባላለሁ፤ የዚያ ክፍል በር ጠባቂ ነኝ። ከራሴ በላይ «እንስሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ባሮን ሲመጣ ከወንበሬ ተነሥቼ በር የምከፍትለት እዚያው ሰሌዳ ሥር ነው። አንዳንዴ ቀና ብሎ ያየዋል። ማንበብ የሚችል ይመስለኛል፤ ቢያንስ ከጌታው የተሻለ።

ነገሩ የመጣው ከዋና ከተማችን ከሊማ ነው። ዶክተራችን እዚያ ሦስት ቀን ተሰብስበው፣ የታመመ ልጅ ውሻ ሲደባብስ ጭንቀቱ ይቀልለታል የሚል ነገር ሰምተው መጡ። እውነት ነው፤ ለሊማ ልጆች። እዚያ ውሻ ሶፋ ላይ ይተኛል። የኛ ልጆች በሚመጡበት፣ ከኛ በላይ ባለው የበግ አገር ግን ውሻ የሚያውቀው አንድ ሥራ ነው፤ መንከስ። ባሮን የመጀመሪያው ቀን ጭራውን እየቆላ ሲገባ፣ ስምንቱም ልጆች አልጋቸው ላይ ቆሙ። ናይዳ የምትባለው ደግሞ መስኮቱ ላይ ወጣች። ዶክተሩ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«አያችሁልኝ እንዴት እንደተነቃቁ!»

ናይዳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጉበቷ ላይ ብርቱካን የሚያህል ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። ከምን የመጣ ነው? በበግ አገር ውሻ ከሚያስተላልፈው ትል። እንግዲህ ፍረዱ፤ ውሻ ያሳመማትን ልጅ ለማጽናናት ውሻ አመጡላት! እናቷ ሕፃናት ጥላ ስለመጣች ወደ መንደሯ ተመልሳለች፤ ልጅቷ ብቻዋን ናት። ቀዶ ሐኪሙ ከሊማ ለአንድ ሳምንት ተውሰነው የመጣ ነው፤ ቅዳሜ ይሄዳል። የማደንዘዣ ሐኪሟ ደግሞ ቁርጡን ነገረችን። «ልቧ እንዲህ እየደለቀ አላስተኛትም። መርፌ ስታይ ትታገላለች፤ ስትታገል ከረጢቱ ከፈነዳ እጃችን ላይ ትሞታለች።» ሌላ ቀዶ ሐኪም መቼ ይመጣል? በዓመቱ፤ ያውም መንገዱ ካልተናደ።

የሥነ ልቦና ባለሙያችን ማሪቤል የሊማ ልጅ ናት፤ ልቧ ንጹሕ፣ ጫማዋም ንጹሕ። በውሻው እንዳልተሳካ ሲገባት ልብስ ማጠቢያው ቤት ወረደች።

«እማማ፣ እነዚህ ልጆች የሚወዱት እንስሳ የለም?»

«ኩዊ ነዋ።»

«እንግዲያው አንድ ያምጡልኝ።»

ኩዊ ጭራ የላት፣ ጥንቸል አታክል፤ በየቤታችን ምድጃ ሥር እየተንጫጫች ትረባለች፣ በዓል ሲመጣ ትጠበሳለች። እማማ ኤውዶሲያ አሥራ ሁለት አሏቸው። በማግስቱ ሐሙስ በበሬ ሲያልፉ ሽርጣቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«እማማ፣ እዚያ ውስጥ ምን አለ?»

«ሆዴ ነው። ቁርስ አልበላሁም።»

«ሆድዎ ጆሮ አወጣ እኮ።»

«አንተ ጆሮ ይዘህ መቼ ሰማህ? ዞር በልልኝ!»

ዞር አልኩ። ማሪቤል ግንባሯ ቦቃ የሆነችውን ቡላ ኩዊ ተቀብላ ናይዳ ደረት ላይ አስቀመጠቻት። «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፤ ይቺ ጭንቀትሽን ሁሉ ካንቺ አውጥታ ወደ ራሷ ትወስድልሻለች» አለቻት።

ልጅቷ ጩኸቷን ለቀቀችው። «አንሷት! አንሷት! ትሞታለች!»

ማሪቤል አዝና ኩዊዋን መለሰች፤ መዝገቧ ላይም «እንስሳ ትፈራለች» ብላ ጻፈች። እሰይ! አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ነው።

እኛ አገር አዋቂ ሲጠራ፣ በሽተኛውን ከራሱ እስከ እግሩ በሕይወት ባለች ኩዊ ይዳብሰዋል። የሚላት ቃል ማሪቤል ያለችው ራሱ ነው፤ «ወደ ራስሽ ውሰጂለት» ይላታል። ኩዊዋ ሕመሙን ወስዳ እዚያው ትሞታለች፤ ከዚያ ተሰንጥቃ ሆድ ዕቃዋ ይነበባል። ናይዳ ደግሞ ኩዊ ስታረባ ያደገች ልጅ ናት። የፈራችው ለራሷ አልነበረም። እኔ ይኼን አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ። በር ጠባቂን ማን ይጠይቃል ብዬ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

እማማ ኤውዶሲያ ግን ማንም እስኪጠይቃቸው አልጠበቁም። ዓርብ ጠዋት ቦቃዋን ይዘው መጡና ናይዳ አልጋ ላይ ዘጭ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ ለመዳበሻ አይደለችም። ማንም እንዳያሞኝሽ።»

«ትወስድልሻለች አሉኝ…»

«ምንም አትወስድም! እርጉዝ ናት፤ ሆዷን አታይም? ቤት እንዳልተዋት የሚያያት የለም። እዚህ ደግሞ ያ ባለመታወቂያ ሌባ ይዞራል። እኔ አንሶላ ልጠብ፤ አንቺ ጠብቂልኝ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ፎርቱናቶ ይጠብቃት? እሱ ይበላታል!»

ስሜ ጠፋ ብዬ እንዳልከራከር እውነታቸውን ነው።

«ኩዊ ከደነገጠች እንደምታስወርድ ታውቂያለሽ» አሏት። «ደረትሽ ላይ አድርጊያት። ያንቺ ልብ ከሮጠ የሷም ይሮጣል። ቀስ እያልሽ ተንፍሺላት።»

ልጅቷ መጀመሪያ በአንድ ጣት፣ ቀጥሎ በመዳፏ ነካቻት። ትንፋሿን ሳብ፣ ለቀቅ ማድረግ ጀመረች። ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትመጣ ሁላችንም ጩኸት ጠበቅን። ናይዳ ክንዷን ዘረጋችና በሹክሹክታ፣ «ቀስ በይ፤ እንዳትነቃ» አለቻት። የማደንዘዣ ሐኪሟ የልብ ምት መቁጠሪያው የተበላሸ መስሏት በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

አልጋው ሊገፋ ሲል ናይዳ የእማማን ሽርጥ ያዘች። «ስመለስ ትኖራለች?»

«አንቺ እዚህ እስካለሽ ድረስ አትሞትም። ቃሌ ነው።»

ከረጢቱ ሳይፈነዳ ወጣ። ልጅቷ ስትነቃ ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ሞተች?» የሚል ነበር። እማማ ቦቃዋን የአልፋልፋ ሣር ስታላምጥ አሳዩአት። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ይኸው ነው፤ «ሞተች?» ትላለች፣ ይታያታል፣ ከዚያ ሾርባዋን ትጠጣለች።

ሪፖርቱ ተጻፈ። ልጅቷን ያረጋጋት ማን ነው? ባሮን፣ «ባሳየው ያላሰለሰ ትጋት»። ከክልሉ ጤና ቢሮ እንግዶች ሊመጡ ሆነ፤ ምሳም ታሰበ። ዶክተር ኦርዶኞ እማማ ኤውዶሲያን አስጠሯቸው።

«እማማ፣ ኩዊ ያረባሉ አሉ። ለእንስሳት ሕክምናችን ስኬት ለነገ ምሳ አሥራ ሁለት ያምጡልን፤ ለአንድ ሰው አንድ።»

አልተሳሳታችሁም። እንስሳ ልጅ ስላዳነ እንስሳ ሊጠበስ ነው። እማማ እንኳ ኩዊ ለመጥበስ አያቅማሙም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አገላብጠዋል። የጨነቃቸው ቁጥሩ ነው። ያሏቸው አሥራ ሁለት ናቸው፤ የሰፈሩ ኩዊ ደግሞ ለካርኒቫል በዓል ተበልቶ አልቋል።

«እንቢ ብል ከሥራ ያባርሩኛል» አሉኝ በሬ ላይ ቆመው። ዐይናቸው ቀልቷል። «እሺ ብል ነገ ጠዋት ያቺ ልጅ ትጠይቀኛለች።»

በማግስቱ ሳህኑ ቀረበ። እኔም ለፎቶው ሲባል «የበታች ሠራተኞች ተወካይ» ተብዬ ተጋብዤ ጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጫለሁ። ዶክተሩ ቆጠሩ።

«አሥራ አንድ! አሥራ ሁለተኛዋስ የት አለች?»

እማማ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ጠረጉ። «ተረኛ ናት፣ ዶክተር።»

«ምን?»

«ሥራ ላይ ናት። ሕፃናቱ ክፍል።»

ዶክተሩ ፊታቸው በርበሬ መስሎ ወደኔ ዞሩ። «ፎርቱናቶ! በአንተ በር ኩዊ ገብቷል?»

እንግዶቹ ሹካቸውን አስቀመጡ። እማማ መሬት መሬት ያያሉ። እኔም ይኼኔ ዝም ብል ምን አለበት ብዬ አሰብኩ፤ ዝም ማለት የለመድኩት ሥራ ነው።

«አዎ ጌታዬ፣ አስገብቻታለሁ» አልኩ። «መታወቂያዋ በሂደት ላይ ነው።»

ከጤና ቢሮ የመጡት ወይዘሮ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ዶክተሩም ወደዱም ጠሉም አብረው ሳቁ። አሥራ ሁለተኛው ሳህን የኔ ነበር። ድንች በላሁ።

ከምሳ በኋላ ወደ በሬ ስመለስ ናይዳ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ዛሬ «ሞተች?» አላለችም።

«ጋሼ፣ ሰው እንዳያስገቡ» አለችኝ። «እየወለደች ነው።»

በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁና ሰሌዳው ሥር ቆምኩ። ባሮን መታወቂያውን እያንቀጫቀጨ መጣ። ሰሌዳውን አሳየሁት።