አንደኛ ምርጫ

ቅጹ ላይ ሦስት ሣጥኖች አሉ፤ አንደኛ ምርጫ፣ ሁለተኛ ምርጫ፣ ሦስተኛ ምርጫ። ሦስት የሆኑት ለማጽናኛ ነው እንጂ የሚሠራው አንዱ ነው። የሥዕል ኮሌጆች አንደኛ ብሎ ያልመረጣቸውን ተማሪ ማመልከቻ ገልጠው አያዩም። ይህን ለክፍሉ የነገሩት የሥዕል መምህሩ ናቸው። “ሁለት ዛፍ ላይ ልውጣ ያለ መሬት ላይ ያድራል” አሉና ቅጹን አደሉ።

ጣቶቿ ሁልጊዜ በመሣያ ከሰል ስለሚጠቁሩ ጓደኞቿ ከሰሌ ይሏታል። ሌሎቹ ቅጹን ይዘው ዓይን አዋጅ ሲሆንባቸው እሷ ከሁለት ዓመት በፊት ወስና ጨርሳለች። አንደኛ ትልቁ ኮሌጅ ነው። ትልቁ ኮሌጅ ፈተና የለውም፤ ያለቀላቸው ዐሥር ሥራዎች በአንድ ዶሴ ይላኩልኝ ይላል። ሁለተኛው ሣጥን ላይ የምትሞላው አዲሱን ኮሌጅ ነበር፤ በአውቶቡስ አራት ሰዓት የሚያስኬድ ከተማ ውስጥ ያለ፣ ዶሴ የማይቀበል፣ አመልካቹን ሁለት ቀን አስቀምጦ የሚፈትን ነው። ሦስተኛው፣ ከቤታቸው በእግር ዐሥር ደቂቃ የሚርቀው የመምህራን ኮሌጅ፣ የእናቷ ምርጫ ነው። እናቷ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ።

“መምህር ሁኚና ቅዳሜ ቅዳሜ ሣዪ” ይሏታል። “ሥዕል ቅዳሜን አይጠላም።”

አባቷ ስለ ኮሌጅ አስተያየት አልነበረውም። ታፔላ ጻፊ ነው፤ ወደ መንገዱ የሚከፈተው የቤታቸው ፊተኛ ክፍል ሱቁ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የዳቦ ቤት፣ የልብስ ስፌት፣ የጥርስ ሐኪም ስም በቆርቆሮና በጣውላ ላይ ሲጽፍ አንድ ሕግ ብቻ ነው ያወጣው። “ዝናብ የሚያጥበው ሥራ ሥራ አይባልም።”

ዐሥሩን ሥዕሎች ሁለት ዓመት ሠርታባቸዋለች። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች፣ በካርዶች መካከል የምትፈልግ የእናቷ እጅ፣ የጫማ ጠጋኙ ፊት፣ የተሰበረ ወንበር። ሁሉም በከሰል የተሣሉ ናቸው፤ እንዳይፋተጉ በየመካከላቸው ስስ ወረቀት አግብታ ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀምጣቸዋለች።

ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ፊቱ በርቷል።

“ዶሴሽን ከእንግዲህ ወንዝ ውስጥ ብትጥይው ንክች አይለውም!”

“ምን አደረግከው አባዬ?”

“አንዱን አንሥቼ ባይ አውራ ጣቴ ጥቁር ሆነ። ይሄ ነገር እዚያ እስኪደርስ ባዶ ወረቀት ሊሆን ነው ብዬ ቫርኒሽ ረጨሁበታ። ሁለት ሁለት ጊዜ! ጥቁሩ እንዴት እንደደመቀ ታያለሽ።”

ቆርቆሮ ላይ ያ ቫርኒሽ በአንድ ሰዓት ይደርቃል። ወረቀት ላይ ግን አባቷ በዕድሜው ረጭቶ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ጫፉን በጣቱ ነክቶ ደርቋል አለ፤ ስሱን ወረቀት ቆሽሿል ብሎ ጣለ፤ ዐሥሩን ደራርቦ ዶሴው ውስጥ ከተተና እንዳይጣመም ሙሉ የቀለም ቆርቆሮ ጫነበት።

ዶሴውን ስትከፍት ዐሥሩ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። በማንኪያ እጀታ እየፈለቀቀች ለየቻቸው። የጫማ ጠጋኙ ፊት ተገንጥሎ የተሰበረው ወንበር ጀርባ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ከዐሥሩ ሦስቱ ሳይቀደዱ ወጡ፤ እነሱም ዘይት እንደነካው መጠቅለያ ቡናማ ሆነው ነበር።

እናቷ ከሥራ ሲገቡ ወለሉ ላይ ያለውን አዩ። “ሊኩል ሄዶ ዓይን አጠፋ ማለት ይሄ ነው” አሉ። “አንተ ሰውዬ፣ ታፔላ መሰለህ?”

አባቷ ራቱን አልበላም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁን ገርበብ አድርጎ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

“ሣዪኝ” አላት።

“ምንህን?”

“እኔን ነዋ። ሰባት አይደል የጎደለሽ? ሰባቱንም እኔን አድርጊው።”

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ መጥፎው ሞዴሉ ነው። አንድ ያለቀለት ሥዕል ሦስት አራት ሰዓት ሳይነቃነቁ መቀመጥን ይጠይቃል። አባቷ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሞ የኖረ ሰው ነው።

“አባዬ፣ አንገትህን!”

“አንገቴ ምን ሆነ?”

“ዞረ።”

“ሰው ሰላም ሲለኝ ልኮፈስ እንዴ?” ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ብድግ አለ። “ማዶ ያለው ታፔላ ላይ ‘ሰ’ ዘማለች። ማነው የጻፋት?”

“አንተ ነህ።”

የዚያን ቀን አራት ወረቀት ጀመረች፤ አንዱንም አልጨረሰችም። በሁለተኛው ቀን መጨረሱን ተወችና አባቷ የፊደል ቅርጽ የሚያወጣበትን ርካሽ ወረቀት ከጥቅሉ እየቀደደች፣ ከመዞሩ በፊት አንገቱን፣ ከመነሣቱ በፊት ጉልበቱን መያዝ ጀመረች። በስድስተኛው ቀን አርባ ሦስት ወረቀት ነበራት። ያለቀለት የለም።

ሦስቱን ቡናማዎችና አርባ ሦስቱን ይዛ መምህሩ ዘንድ ሄደች። መምህሩ ሦስቱን ወደ ጎን አደረጓቸው። “እነዚህ ወይ ለሙዚየም ወይ ለምድጃ ነው” አሉ። ሌሎቹን ሁለት ጊዜ ገለጧቸው።

“ለትልቁ ኮሌጅ ይሄ ምንም አይደለም። ያለቀለት ነው የሚሉት። በቀረሽ ስምንት ቀን ሰባት አታወጪም አልልም፤ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።” አንዱን ወረቀት ወደ መስኮቱ አስጠጉት። “አዲሱ ኮሌጅ ደግሞ በፈተናው የመጀመሪያ ጠዋት ሞዴሉን በየአምስት ደቂቃው አቀማመጡን ያስቀይረዋል። አምና የላክኋቸው አራቱም እዚያ ላይ ነው የወደቁት።”

“አንደኛ እሱን አድርጊ ነው የሚሉኝ?”

“እኔ ምን አልኩ? ሣጥኑ ያንቺ ነው።”

ቤት ገብታ አርባ ሦስቱን ወለል ላይ ዘረጋቻቸው። ትልቁን ኮሌጅ ሲጠሩት ሰው ሁሉ “አሃ!” ይላል፤ አዲሱን ሲጠሩት “የት ነው እሱ?” ይላል። ዶሴ ሲበላሽ ሌላ ይሠራል፤ የሁለት ቀን ፈተና ከተበላሸ ግን አንድ ዓመት ያስጠብቃል። ይህንን ሁሉ አሰበች። ዐሥሩን ሥዕሎችም አሰበቻቸው፤ እያንዳንዳቸው ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሰልችተዋት ነበር፤ የጨረሰቻቸው መጨረስ ስላለባቸው ነው። አባቷን ስትሥል ግን መሸ አልመሸ ብላ አንድ ቀንም ሰዓት አላየችም። እስክሪብቶ አንሥታ አንደኛውን ሣጥን ሞላች።

“በፈተናው ቀን ብትታመሚስ?” አሏት እናቷ።

“ታምሜም እሥላለሁ።”

“እንዲህ እያሉ ካርድ ክፍል የመጡ ብዙ አውቃለሁ” አሉ፤ ቅጹን ግን ፈረሙላት።

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ቅጹን በመስኮት ተቀብለው “ከገባ አይቀየርም” አሏት፤ ራሷን በአዎንታ ስትነቀንቅ ማኅተሙን መቱበት። አባቷ እጅጌው ቀለም እንደሆነ በር ላይ ይጠብቃት ነበር።

“ትልቁን ነው አይደል?”

“አዲሱን ነው።”

ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ። “በእኔ ምክንያት ነው” አለ።

“ግማሹ ባንተ ነው። ዐሥሩ ቢኖሩ ትልቁን ነበር የምሞላው። ግማሹ ግን እኔው ስለፈለግኩ ነው።”

“የትኛው ግማሽ ይበልጣል?”

“ግማሽ ከግማሽ ይበልጣል እንዴ አባዬ?”

ነገሩን ጣውላ እንደሚለካ ሰው አሰበበት። “ፈተናው መቼ ነው?”

“ከሦስት ሳምንት በኋላ።”

“እንግዲያው ነገም እቀመጥልሻለሁ።”

“አትቀመጥ” አለችው። “ሥራህን ሥራ። እኔ ወረቀቴን ይዤ እመጣለሁ።”