የሆዳቸው ጌታ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ለቡ ገና የጤፍ ማሳ ነበረ፣ ከላፍቶ ወደዚያ የሚሄድ ታክሲም አልነበረም። ዓመቱን ልጆቼን ብጠይቃቸው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይነግሩኛል፤ ስለዚህ ትቼዋለሁ። ቀኑ ግን ዓርብ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ዓርብ ባይሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ያን ጊዜ ላፍቶ ውስጥ የህንድ አስተማሪዎች ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራሉ፣ መምህሩ ሒሳብ፣ ማዳም ኬሚስትሪ። መምህሩ አማርኛ ጥሩ አድርገው ይዘዋል። ማዳም ግን "ና" እና "ቆይ" ከሚሉት አላለፉም። ከማዳም ጋር የምታግባባኝ የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ነበረች። ከወላይታ የመጣች፣ ጴንጤ፣ ቀጭን፣ መልስ የማያጥራት ሴት። ስድስት ዓመት አብራቸው ስለኖረች ቋንቋቸውን ወጥ እያማሰለች ለቅማዋለች። በዚያ ቤት ሰዓቱም ሁለት ነበር። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለው በእነሱ አቆጣጠር ይሄዳል፣ የእኔ የእጅ ሰዓት በእኛ። ማዳም "ሰባት" ሲሉ እሷ "አንድ ሰዓት ማለታቸው ነው ጋሼ" ትለኛለች።

አንድ ጠዋት መምህሩ ጽጌረዳ ሳጠጣ መጡና፣

"ዓርብ ትልቅ እንግዳ ከአገራችን ይመጣል" አሉኝ። "ሚስተር እንዳትላቸው። ስዋሚጂ በላቸው።"

"ስማቸው ነው?"

"ማዕረጋቸው ነው። 'ጂ' የምትለዋ እናንተ አንቱ እንደምትሉት ናት።"

"ስዋሚስ?"

"ጌታ ማለት ነው።"

የተቀጠርኩት በር ልጠብቅ ነው፤ እንጀራዬም ያቺው በር ናት። ግን ከሌላ ሃይማኖት የመጣን ሰው በር ላይ ቆሜ ጌታ ብለው፣ ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ እናገራለሁ?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። የኔታ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ከሕፃናት ጋር አስቀምጠው ፊደል ያስቆጠሩኝ ሽማግሌ ናቸው። ዳዊት ላይ ስደርስ ሥራ አገኘሁና አቋረጥኩ፤ ትምህርቴ ይኸው ነው።

"የኔታ፣ አንድ የህንድ ባሕታዊ ጌታ ብለህ ጥራ ተባልኩ። ኃጢአት ይሆንብኛል?"

"የማን ጌታ?" አሉኝ።

"እሱን አልጠየቅሁም።"

"ሳትጠይቅ ነው እንቅልፍ ያጣኸው? ሂድ፣ ጠይቀህ ና።"

ሰኞ ጠየቅሁ። መምህሩ ደስ አላቸው። ትምህርት ቤት ማንም እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋቸው እንደማያውቅ ያስታውቃል። የእኔን ዱካ ስበው ተቀመጡና እኔን የውኃ ጎማውን እንደያዝኩ አስተማሩኝ።

"የራሱ ጌታ ነው" አሉ። "ቤቱን፣ ትዳሩን፣ ንብረቱን ትቶ ቁጣውንና ሆዱን የገዛ ሰው ስዋሚ ይባላል። ጉሩ ሌላ ነው። ቃሉ ከባድ ማለት ነው፤ በዕውቀት የከበደ። ጨለማን የሚገፍ ብለው የሚፈቱትም አሉ። አቻርያ ደግሞ የሚያስተምረውን ራሱ ኖሮ የሚያሳይ ነው። ፓንዲት የሚባለው መጽሐፉን ጠንቅቆ ያወቀ ሊቅ ነው።"

"እርስዎስ የትኛው ነዎት?"

"እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ" አሉ። ትንሽ ያዘኑ መሰለኝ። ጽጌረዳው ግን ያን ቀን ጎርፍ ውስጥ ቆሞ ነው የዋለው።

ማምሻውን ለየኔታ እንዳለ አደረስኩላቸው። ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሳቁ።

"እኔን ምን እያልክ ነው የምትጠራኝ?"

"የኔታ።"

"የኔ ጌታ ማለት አይደለም? ይህን ሁሉ ዓመት ጌታ ስትለኝ አንድ ቀን አልደነገጥክ። የደብራችንንስ መሪጌታ ምን ልትለው ነው? ሰውየውን በማዕረጋቸው ጥራቸው። ማክበርና ማምለክ ለየቅል ነው፤ አሁን ሂድ፣ ልተኛበት።"

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። እኔ ግን መንገድ ላይ የራሴን ጨመርኩበት። ትዳሩን የተወ፣ ንብረቱን የተወ፣ ሆዱን የገዛ። ይህማ መነኩሴ ነው። መነኩሴ ደግሞ ዓርብ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል እንደማይቀምስ ሕፃን ያውቃል።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባልና ሚስቱ እንግዳውን ከአውሮፕላን ማረፊያ ይዘው መጡ። ብርቱካናማ ሸማ የለበሱ፣ ከእኔ የከሱ ሽማግሌ ናቸው። "ስዋሚጂ" ብዬ እጅ ነሳሁ። እሳቸውም መዳፋቸውን ገጥመው ጎንበስ አሉልኝ። ያን ቀን ፈተና ስለነበረ ባልና ሚስቱ "የሚፈልጉትን ሁሉ አድርጉላቸው" ብለው እየሮጡ ወደ ትምህርት ቤታቸው ሄዱ።

አራት ሰዓት አካባቢ ሠራተኛዋ ሩዙንና ምስሩን ይዛ ስትወጣ በረንዳው ላይ አገኘኋት።

"ወዴት ነው?"

"ለእንግዳው ነዋ።"

"ዓርብ ነው እኮ። መነኩሴ እስከ ዘጠኝ ይጾማል።"

"ጋሼ፣ ሰውየው ከህንድ ነው የመጡት።"

"ህንድ አገር ዓርብ የለም?"

ትንሽ አሰበች። "ስለ መነኩሴ እርስዎ ይወቁ፣ በእኛ ዘንድ መነኩሴ የለም። እኔ ግን የለሁበትም" አለችና ሳህኑን ከድና ተመለሰች።

አምስት ሰዓት ላይ እንግዳው ከክፍላቸው ብቅ ብለው ወደ ወጥ ቤቱ አዩ። መዳፌን ገጥሜ ጎንበስ አልኩና ጥላው ሥር ወንበር ሰጠኋቸው። ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው ተነሡና ሆዳቸውን በመዳፋቸው ነካ ነካ አደረጉልኝ። የሆዳቸው ጌታ መሆናቸውን እየነገሩኝ መሰለኝ። በጣም ተደነቅሁ። እኔም የራሴን ሆድ ነካ ነካ አድርጌ ወደ ሰማይ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የሌላ ህንድ አስተማሪ ሚስት ተደራራቢ ምሳ ዕቃ ይዛ በሩን አንኳኳች። "ከዘጠኝ በኋላ" ብዬ በጣቴ ቆጥሬ አሳይቼ መለስኳት። እንግዳው አንገታቸውን አስግገው ምሳ ዕቃው በአጥሩ ሥር ሲሄድ በዓይናቸው ሸኙት። ይህንንም ከመንፈሳዊ ትግል ቆጠርኩላቸው። ብቻቸውን እንዳይሆኑ ዱካዬን አምጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሁለታችንም የጽጌረዳውን ጭቃ ስናይ ዋልን።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባልና ሚስቱ ገቡ። ሠራተኛዋም ሳህኑን ይዛ ወጣች። ማዳም ሳህኑን አዩ፣ ሠራተኛዋን አንድ ነገር ጠየቋት፤ መልሷን ሲሰሙ ደብተራቸው ከእጃቸው ወደቀ። ግራ ገብቶኝ ወደ መምህሩ ዞርኩ።

"ስዋሚጂ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚበሉት" አሉኝ ቀስ ብለው። "እሱም ከቀትር፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት። ካለፈ ውኃ ብቻ እየጠጡ እስከ ነገ ይቆያሉ። ትናንት ጠዋት ነው የበሉት። አንተ ምን አደረግህ?"

ያደረግሁትን ነገርኳቸው። ማዳም አለቀሱ። ቤታቸው የገባን እንግዳ፣ ያውም እንዲህ ያለውን፣ አስርበው መዋላቸው ነው። መምህሩ ፊታቸውን አዙረው፣

"የበሩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ" አሉኝ።

ስድስት ዓመት ወገቤ ላይ የኖረ ቁልፍ ነው። ገመዱ አልፈታ ብሎኝ ቆምኩ። ያሳፈረኝ ግን ሥራዬን ማጣቴ ሳይሆን የእኚያ ሽማግሌ ባዶ ሆድ ነበር።

ይህን ጊዜ ሠራተኛዋ ሳህኑን እንደያዘች፣ "ሕጉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ነው የሚለው?" ብላ ጠየቀች።

"አዎ" አሉ መምህሩ።

"ጋሼ፣ ሰዓትዎ ስንት ይላል?"

"ዘጠኝ ከአምስት።"

"እንግዲህ አሥራ ሁለት አልሞላም" አለች። መምህሩ አፋቸውን እስኪከፍቱ አልጠበቀችም። የእኔን ክንድ በነጻ እጇ ይዛ ወደ እንግዳው ወሰደችኝና ሰዓቴን አፍንጫቸው ሥር አድርጋ በገዛ ቋንቋቸው ትለፈልፍ ጀመር። ምን እንዳለች መምህሩ በኋላ ነገሩኝ። ይህ ሰው ከራሱ መነኮሳት አንዱ መስለውት ነው፣ የሚያከብራቸውን ሰዎች ሁሉ የሚያስርባቸው እንደዚሁ ነው፣ እሱ ራሱም ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሰም፣ ብላለች።

እንግዳው በመስኮቱ አሻግረው የሳሎኑን የግድግዳ ሰዓት አዩ፤ ሦስት ይላል። የእኔን አዩ፤ ዘጠኝ ይላል። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ።

"ዛሬ በእሱ ሰዓት እበላለሁ ይላሉ" አሉ መምህሩ። "ሁለት ሳህን ይምጣ ይላሉ።"

"ቅቤ ያልነካውን ለጋሼ ለይቼ አስቀምጫለሁ" አለች ሠራተኛዋ። ከጠዋት ጀምሮ ለይታ አስቀምጣለች፤ እኔ አላውቅም።

ጎን ለጎን ተቀምጠን በላን። የሆዳቸው ጌታ ሦስት ጊዜ አስጨመሩ። እኔ ሁለት። ከመብላታችን በፊት ፈትቼ ያስቀመጥኩት ቁልፍ ከሩዙ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ልሰናበት ስነሣ ማዳም በአንድ ጣታቸው ገፉት፣ ወደ እኔ። "ቆይ" አሉኝ።

ቆየሁ፤ አገራቸው እስኪመለሱ ድረስ በዚያ በር ነበርኩ። ስለ ማዕረጎቹ ልጆቼ ሲጠይቁኝ የሰማሁትን እነግራቸዋለሁ፤ ስዋሚውንም፣ አቻርያውንም፣ ፓንዲቱንም። ጉሩ ላይ ስደርስ ግን፣ ጨለማ የሚገፍ ማለት ከሆነ፣ እኔን ያን ቀን ከጨለማ ያወጣችኝ ሳህን በእጇ የያዘችው የወላይታዋ ወጥ ቤት ናት።