ቀባሪ ፍለጋ

በጣሊያን ጊዜ ነው። የሥራ ፈቃድ ወረቀቴን ይዤ ከወሎ መቀሌ ገባሁ። የግንብ ሥራ ወዲያው አገኘሁ፤ ቤት ግን ጠፋ። ጓዳ የሚያከራዩ አንዲት ባልቴት አዩኝ አዩኝና፣

«ወደይ፣ ልጄ፣ ብትሞት ማን ይቀብርሃል?» አሉኝ። «እኔ የእስላም አቀባበር አላውቅም። ቀባሪህን አምጣና ግባ።»

በዚያ ከተማ እንኳን የሚቀብረኝ፣ እንደምን አደርክ የሚለኝም አልነበረ። ገበያ መሀል ቆሜ የሰው ፊት ስመርጥ ዋልኩ። በመጨረሻ አንድ ጨው ተሸካሚ በወሎ አነጋገር «ወላሂ» እያለ ሲራገም ሰማሁና ለመንኩት። ሳያንገራግር ተከትሎኝ መጥቶ «እኔ እቀብረዋለሁ፣ እማማ» አላቸው። ጓዳውን ሰጡኝ።

«አላህ ቀባሪ አያሳጣህ! ቤትህ ወዴት ነው?» አልኩት ስሸኘው።

«ቤትማ መች አገኘሁ» አለና ክንዴን ይዞ ወደ ጎረቤት አከራይ በር ጎተተኝ። «ና፣ አሁን ደግሞ አንተ እኔን ቅበረኝ።»